እዚያ ያለችው ዘፋኝ

በደርግ ዘመን ማብቂያ ላይ ደባርቅ ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ እሠራ ነበር። ሱቁ ከመናኸሪያው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ወደ ሊማሊሞ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። እሳቸው ይቆርጣሉ፣ ይሰፋሉ፤ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ፣ ያለቀውን በከሰል ካውያ እተኩሳለሁ። አባታቸውም አያታቸውም በዚያው ገበያ አቡጀዲ ሲሸጡ የኖሩ፣ የደባርቅ ሙስሊም ነጋዴዎች ዘር ናቸው። እኔ "ጋሼ" እላቸው ነበር። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነው። ሁለታችንም የዳባት ልጆች ነን፤ ደባርቅ ላይ አንዲት ክፍል ቤት ተከራይተን፣ እህትና ወንድም አብረን እንኖር ነበር።

ማብቂያው መሆኑን ያን ጊዜ አናውቅም። የምናውቀው ጦር የጫኑ መኪኖች ተከታትለው ሊማሊሞን ሲወርዱ፣ ሲመለሱ ደግሞ ሸራቸው ተጠፍሮ ቀስ ብለው ሲያልፉ ነው። ገበያ መሐል ድንገት ፊሽካ ይነፋና ወጣት ወንድ ይታፈሳል። ሰው በገዛ ቤቱ ሲያወራ እንኳ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። "እዚያ" የምትል ቃል ነበረች። ጫካ የገቡትን፣ ከመንግሥት ጋር የሚዋጉትን ማለት ነው። "እገሌ የት ሄደ?" ሲባል "እዚያ" ከተባለ፣ ጠያቂው ዝም ይላል እንጂ "እዚያ የት?" ብሎ አይጠይቅም።

ያለ ፍርሃት የሚወራ ነገር ቢኖር ዘፈን ነው ብለን እናስብ ነበር። ጋሼ ቴፕ ነበራቸው። ወንድሜ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ሱቁ ውስጥ በርጩማ ስቦ ይቀመጣል፤ ከዚያ ሁለቱ አንድ ክርክር ያነሣሉ። እስከ ዛሬ ከተነሡት ዘፋኞች ሁሉ ማን ይበልጣል? ይህ ክርክር ወራት ፈጅቷል። ዛሬ ላይ ስም አልጠራም፤ ያኔም ቢሆን ስም ጠርተው ሲከራከሩ ብዙም ትዝ አይለኝም። ጋሼ "የኔ ሰውዬ" ይላሉ፣ ወንድሜ "ልጅቷ" ይላል፣ እንግባባለን።

የጋሼ ሰውዬ የአዲስ አበባ ዘፋኝ ነው፤ ብዙ ካሴት ያወጣ፣ በሬዲዮ ሌት ተቀን የሚሰማ።

"ዘፋኝ ማለት የማይሰለች ነው" ይላሉ ጋሼ፣ እግራቸው መርገጫው ላይ እንዳለ። "እኔ የሱን ካሴት እየሰማሁ ስንት ሱሪ ሰፍቻለሁ? አንድ ቀን ዝጉት አላልኩም። እጄ ራሱ ከሱ ጋር ነው የሚሄደው። ሲያዘግም አዘግማለሁ፣ ሲፈጥን እፈጥናለሁ።"

"እንግዲህ ሱሪውን ያጣመመብን እሱ ነዋ!" ይላል ወንድሜ። "ጋሼ፣ የርስዎ ሰውዬ መሣሪያው ነው የሚሸከመው። መለከቱን፣ ከበሮውን አንሡበትና እስቲ ብቻውን ይዝፈን። ልጅቷን እኔ ማይክሮፎን የተበላሸ ቀን ሰምቻታለሁ። አደባባዩ ጥግ ድረስ እያንዳንዷ ቃል ትሰማ ነበር። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ልጅ እንኳ አላለቀሰም።"

አንዳንድ ቀን አንድ መሪጌታ ካባቸውን ለማስጠገን ጎራ ይላሉ። የኔታ እንላቸው ነበር። እሳቸው በሁለቱም ይስቃሉ።

"እናንተ ዜማ ሳታውቁ ምን ትከራከራላችሁ?" ይላሉ። "ያ የከተማው ሰው ከጉሮሮው ነው የሚያወጣው። ልጅቷ ግን … እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ዘፈን ነውና ማመስገኔ አይደለም፣ ግን የቤተ ክርስቲያኑን አራራይ ነው የምትለው። ማን እንዳስተማራት እንጃ።"

ወንድሜ ይህን ሲሰማ እጁን ያጨበጭባል። ጋሼ መቀሳቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርገው "የኔታ፣ እርስዎም ከዱን!" ይላሉ። በዚያ ሱቅ የሳቅነው ሳቅ በዘመኑ ካሳቀን ነገር ሁሉ ይበዛል።

ልጅቷ የዳባት ልጅ ናት። በአውራጃው የኪነት ቡድን ውስጥ ትዘፍን ነበር። አንድ ጊዜ ቡድኑ ከሊማሊሞ ግርጌ ለሰፈረው ጦር ትርኢት ሊያሳይ ወርዶ ሲመለስ እሷ አልተመለሰችም። ታፍና ተወሰደች ያለ አለ፤ በፈቃዷ ሄደች ያለም አለ። ቆይቶ ድምጿ በዚያኛው ወገን ሬዲዮ ተሰማ ተባለ። ዳባት ያሉት እናቷ መግቢያ መውጫ ሲያጡ ደባርቅ መጥተው እህታቸው ቤት ተጠጉ፤ ከእኛ ሦስተኛው ግቢ ማለት ነው። ሰፈሩ ሁሉ የማን እናት እንደሆኑ ያውቃል። ማንም አፉን ከፍቶ አይናገርም። ሴትዮዋም ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው አውርደው ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ይመለሳሉ እንጂ ከሰው አይቀላቀሉም።

ልጅቷ ከመሄዷ በፊት አደባባይ ላይ በበዓል ቀን ስትዘፍን ጋሼ በቴፓቸው ቀድተዋት ነበር። እሷ ከሄደች ወዲህ ያችን ካሴት ከክር ማጠንጠኛው መሳቢያ ሥር አኖሯት። አልፎ አልፎ ብቻ፣ ወንድሜ ሲለምናቸው፣ ያወጧትና በእርሳስ ወደፊት አጠንጥነው፣ ጭብጨባውንና ንግግሩን ዘለው፣ ልክ ዘፈኑ ላይ ያደርሷታል። ድምፁን ዝቅ አድርገው ነው የሚያሰሙን። የሠርግ ዘፈን ነበር። ሙሽራ ከናቷ ቤት ስትወጣ የሚባል ዓይነት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የኔታም ባሉበት፣ ክርክሩ ተነሣና ጋሼ ካሴቷን አወጡ። ጉሙ ከተራራው ወርዶ መንገዱን ሸፍኖት ስለነበር ሰው ሲመጣ አላየንም። ዘፈኑ መሐል ላይ አንድ ሰው በሩን ገፍቶ ገባ። ረጅም ነው፣ ጫማው የወታደር ይመስላል፣ በብብቱ የካኪ ሱሪ ይዟል። ጋሼ ቴፑን ለመዝጋት እጃቸውን ሰነዘሩና መልሰው ሰበሰቡት፤ ቢዘጉት የባሰ ያስጠረጥራል። ዘፈኑ እስኪያልቅ ሰውዬው ቆሞ ሰማ።

"ሱሪው ረዝሞብኛል" አለ ከዚያ። አነጋገሩ የአገራችን አይደለም።

ጋሼ ለኩት። ወንድሜ እንግዳ ሰው መግባቱን እያየ ክርክሩን መተው አልቻለም። ልቡ በዘፈኑ ሞልቶ ነበር።

"ይኸው ሰሙ አይደል ጋሼ?" አለ። "ይቺን የሚስተካከል የለም። እዚህም ትሁን እዚያ፣ ከሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት።"

ከአፉ ያመለጠችውን "እዚያ" የምትል ቃል ሁላችንም ሰማናት። የጋሼ እጅ ሜትሩን እንደያዘ ቀረ። የኔታ ካባቸውን አጣጥፈው ተነሡ። እኔ መርፌው ጣቴን ሲወጋኝ እንኳ አልተሰማኝም፤ ደሜ ነጩ ሸሚዝ ላይ ሲንጠባጠብ ነው ያየሁት።

ሰውዬው ወንድሜን ቀስ ብሎ አየው። "የየት አገር ልጅ ናት?" ሲል ጠየቀ።

"እኛ እንጃ ጌታዬ" አሉ ጋሼ ቶሎ ብለው። "ከገበያ የተገዛ ካሴት ነው።"

"ለረቡዕ ይደርስልኛል?"

"ይደርሳል፣ ይደርሳል።"

ወጥቶ ጉሙ ውስጥ ገባ። ጋሼ ካሴቷን ከቴፑ አውጥተው ወደ መሳቢያው መለሷት።

እስከ ረቡዕ ያሳለፍኩት ጊዜ ከነሽታው ትዝ ይለኛል፤ የከሰል ካውያና የካኪ ጨርቅ ሽታ። ጋሼ ያን ሱሪ አሳጠሩት፣ ስፌቱን ተረተሩት፣ እንደገና ሰፉት። ያን ያህል ዘመን ሱሪ የሰፋ እጅ አንዲት ቀጥ ያለ መስመር ማውጣት አቃተው። እኔ ኪሶቹን ገለበጥኳቸው። ማን እንደሆነ የሚነግረኝ ነገር እፈልግ ነበር። ነጭ አቧራና የጠመኔ ስባሪ ብቻ አገኘሁ። ጠመኔ ምን ያደርግለታል? አስተማሪ ነው? ካድሬም ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። በውጭ የእግር ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ሱሪውን ቶሎ አጣጥፌ አስቀምጣለሁ።

ወንድሜን "ዳባት ሂድ፣ እናታችን ዘንድ ሰንብት" አልኩት።

"ምን አድርጌ?" አለኝ። "ዘፈን ነው እኮ የወደድኩት። ብሄድ ጥፋተኛ ነኝ ማለቴ ነው።"

እንዲህ ይበል እንጂ የቆረሰውን እንጀራ ሳይጎርስ መልሶ አስቀመጠው። ፈርቷል። መፍራቱን እንዳላየሁ ሆኜ ውኃ ልቀዳ ወጣሁ።

ረቡዕ በማለዳ ሰውዬው መጣ። ሱሪውን ለካው፣ "ጥሩ ነው" አለ፣ ሒሳቡን ከፍሎ ሄደ። በቃ ይኸው ነው። ጋሼ "አልሐምዱሊላህ" ብለው በርጩማው ላይ ዘጭ አሉ፤ እኔም ከስንት ቀን በኋላ ትንፋሼን ለቀቅኩ። ገበያው ገና ሳይሞቅ ግን የቀበሌ አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃቸውን እንዳነገቱ ገቡ። የሚፈልጉትን ያውቃሉ።

"ካሴቷን" አለ አንደኛው። "የኮበለለችዋን ካሴት። ቴፑንም።"

ጋሼ መሳቢያውን ከፍተው ሰጡ። ከዚያ ኮፍያቸውን አድርገው፣ እንደ እንግዳ ቀድመው ከገዛ ሱቃቸው ወጡ። ወንድሜን ከክፍል፣ ከተማሪዎቹ ፊት ወሰዱት።

የታሰሩት የቀበሌው እህል መጋዘን ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት ስንቅ አደርሳለሁ። ጠባቂው በበሩ ላይ ሳህኑን እያሳየ "ቅመሺ" ይለኛል፤ እኔ ከቀመስኩ በኋላ ይቀበለኛል። አልዋጥሽም ብሎ እንዳይመልሰኝ አፌን ከፍቼ አሳየዋለሁ። የጋሼ ሚስትም ከጎኔ ይቆማሉ። ሁለታችን አንነጋገርም። ከተነጋገርን "ምን ተባባላችሁ?" እንባላለን።

በሳምንቱ የከተማው ካድሬ አስጠራኝ። ወጣት ነው፣ መነጽር ያደርጋል፣ ሲናገር በየመሐሉ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ቁጭ በይ አላለኝም።

"ወንድምሽ ከሁሉ ትበልጣለች ያላት ዘፋኝ ማናት?"

"አላውቅም ጓድ።"

"አንቺስ? ማን ይበልጣል ትያለሽ?"

በሕይወቴ እንደዚያ የከበደ ጥያቄ አልተጠየቅኩም። የጋሼን ሰውዬ ብል፣ ከታሰረ ሰው ጋር መስማማቴ ነው። ዝም ብል፣ መልሱን ደበቅኩ ማለት ነው።

"የኪነት ቡድኑን" አልኩ።

"ከቡድኑ ማንን?"

አንድም ስም አልመጣልኝም። ከዚያ ቡድን ውስጥ የማውቃት ብቸኛዋ ዘፋኝ እሷው ናት። ስሟ ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ እንዳያመልጠኝ ጥርሴን ነከስኩ።

"ሁሉንም ጓድ።"

"ሁሉንም" አለ፣ ጉሮሮውን ጠረገና።  "ሂጂ። እሑድ ስብሰባ አለ፤ እንዳትቀሪ።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ሞላ። የቀረ ሰው ስለሚቀጣ በሽተኛ ሁሉ መጥቷል። ወንድሜና ጋሼ ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ወንድሜ ጺሙ አድጎ አባታችንን መስሏል። ጠረጴዛው ላይ የጋሼ ቴፕ አለ። ከቴፑ ጎን ካድሬው፣ ከካድሬው ጎን የቀበሌው ሊቀ መንበር። ሊቀ መንበሩ የድሮ ገበሬ ነው፤ ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ቁጣው የሚያስፈራ፤ ሰው በመንገድ ሲያየው ዞር ይላል።

ዞር ስል የዘፋኟን እናት ከኋላዬ አየኋቸው። ነጠላቸውን እንደ ልማዳቸው አውርደዋል። በሰውነቴ ልከልላቸው ፈቀቅ አልኩ።

መጀመሪያ ምስክር ተጠራ። የተነሣው ያ ባለ ሱሪው ሰውዬ ነው። የመንገድ ሥራ ካምፕ ሠራተኛ መሆኑን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት፤ የድልድይ ድንጋይ ላይ በጠመኔ ምልክት የሚያደርግ። እጁን እያሻሸ፣ ከእኛ ይልቅ እሱ እየፈራ ቆመ።

"የተባለውን ሰምተሃል?" አለው ካድሬው።

"ጓድ፣ የስፌት መኪናው ይጮህ ነበር። ምንም አልሰማሁም።"

የስፌት መኪናው ያን ሰዓት ቆሞ እንደነበር አምስታችንም እናውቃለን። ሰውዬው ላብ በግንባሩ እየወረደ ተቀመጠ። ያን ሁሉ ቀን የረገምኩት ሰው ነው። ታዲያ ማን ነው የተናገረው? እስከ ዛሬ አላወቅንም። የኔታን ጠርጥሬያለሁ፣ ጎረቤቶቻችንን ጠርጥሬያለሁ፤ አንዳንዴ ራሴን እንኳ፣ ለማን ምን ብዬ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ካድሬው መልሱ አላስደሰተውም። "ማስረጃው እዚህ አለ" ብሎ ቴፑን መታ መታ አደረገ። "ሕዝቡ የጠላትን ዘፈን በገዛ ጆሮው ይስማ። ወደ መጀመሪያው አጠንጥኑት።"

ጋሼ ቀና አሉ። ፊታቸው አመድ መሰለ። "ጓድ …" ብለው ጀመሩ።

"ዝም በል!"

ጋሼ አንገታቸውን ደፉ። አንዱ ጠባቂ ካሴቱን ወደኋላ አጠንጥኖ ቁልፉን ተጫነ።

መጀመሪያ ነፋስ ተሰማ፤ ማይክሮፎን ላይ የሚያፏጭ የደባርቅ ነፋስ። ከዚያ ጭብጨባ፣ መፈክር። ከዚያ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። አዳራሹ ውስጥ ያለን ሁሉ ድምፁን ከዚያች ጠረጋ አወቅነው።

"ጓዶች! አሁን ደግሞ የአውራጃችን ጌጥ፣ የአብዮቱ ልጅ ትቀርብላችኋለች። በአገራችን እስከ ዛሬ እንደሷ ያለ ድምፃዊ አልተነሣም! ወደፊትም አይነሣም!"

ጭብጨባው ከቴፑ ፈሰሰ። በአዳራሹ ውስጥ ግን የሚንቀሳቀስ የለም። ሳቅ የመጣበት ሰው ካለ በፍርሃት ውጦታል። ሰው ያፈረ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ያ ዘመን በደንብ አስተምሮናል። ካድሬው ቴፑን እንደ እባብ አየው። እሱ ሳያስቆመው ዘፈኑ ጀመረ፤ ከመጀመሪያዋ ቃል ጀምሮ፣ ያለ መሣሪያ፣ ብቻዋን። አንድ ሁለት ስንኝ እንዳለች ካድሬው ራሱ ቁልፉን መታና አጠፋው።

"ለምን ዘጋችሁት?"

ድምፁ የመጣው ከኋላዬ ነው። እናትየዋ ቆመዋል። ነጠላው ከራሳቸው ላይ ወርዷል፣ እጃቸው ወደ ቴፑ ተዘርግቷል።

"ማን ናት?" አለ ካድሬው።

 አጠገቤ ያለችው ሴት ክንዴን ጨመደደችው። ከዚያ ያ የምንፈራው ሊቀ መንበር ተነሣ።

"ጓድ፣ ባልቴት ናቸው፤ ጆሯቸው አይሰማም። ስብሰባው ያለቀ መስሏቸው ነው።"

"አዎ፣ አይሰሙም" አለ አንድ ሰው ከጥግ። "ዓመታት ሆናቸው" አለች ሌላዋ። ሰው ሁሉ ማጉረምረም ጀመረ፤ አይሰሙም፣ ምስኪን፣ አይሰሙም።

ካድሬው ከመድረኩ ወረደ። በሰዉ መሐል አልፎ ፊታቸው መጣና ቆመ። ከእኔ ክንድ ያህል እንኳ አይርቅም፤ የሣሙናው ሽታ ይሸተኛል።

"እማማ" አላቸው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ልጅ አለዎት?"

እናትየዋ አዩት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። እኔ በልቤ ለማውቀው ታቦት ሁሉ ተሳልኩ።

"እግሬን ነው" አሉ ጮክ ብለው። "እግሬን ነው የሚያመኝ ልጄ። ብርዱ ነው።"

ካድሬው መነጽሩን አስተካከለ። ከዚያ ፊቱን አዞረ። መድረኩ ላይ ወጥቶ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ያን ጊዜ ድምጿ የሕዝብ ድምፅ እንደነበረ፣ ዛሬ ግን የወንበዴ ድምፅ እንደሆነ፣ ስለዚህ ያን ጊዜ ያለው ለያን ጊዜ ብቻ እንደሆነ። ጉሮሮውን ደጋግሞ ጠረገ። በመጨረሻ ወደ ወንድሜ ዞረ።

"ተነሣ መምህር። አሁን ለሕዝቡ ተናገር። ማን ትበልጣለች ትላለህ?"

ወንድሜ ተነሣ።  መሬት እያየ ቆየ። ምናለ ዝም ብሎ የኪነት ቡድኑን ቢል እያልኩ እለምነዋለሁ፣ በልቤ።

"ጓድ እንዳሉት ነው" አለ።

 የትኛውን እንዳሉት? ካሴቱ ላይ እንዳሉት ወይስ አሁን እንዳሉት? ካድሬው አፉን ከፈተ። "የትኛውን?" ብሎ ቢጠይቅ መልሱን ከሕዝብ ፊት ሊሰማ ነው። አየው፣ አየው፣ ወደ ጣሪያው ቀና አለ።

"ተቀመጥ" አለው።

መፈክር አሰማን። ግራ እጃችንን አነሣን፣ ይውደም አልን፣ ይለምልም አልን፣ ተበተንን።

እናትየዋን ክንዳቸውን ይዤ ወደ ቤት አደረስኳቸው።  መንገድ ላይ ሰው እስኪርቅ ጠበቁና፣ "ምን ብዬ ተነሣሁ? ምን ነክቶኝ ነው?" አሉኝ። ትንሽ ከሄድን በኋላ ደግሞ ቆሙ።

"ጉንፋን ይዟት ነበር" አሉ። "ሰማሻት? አፍንጫዋ ተዘግቷል። እንደዚያ ሆና ነው ያዘፈኗት።"

ወንድሜና ጋሼ ከዚያ በኋላም ጥቂት ሰነበቱና ተፈቱ። ቴፑም ካሴቷም አልተመለሱም። ጋሼ መስፋታቸውን ቀጠሉ፤ ግን ሱቁ ውስጥ ክርክር አይነሣም፤ ሰው ስለ ዝናብና ስለ ገብስ ብቻ ያወራል። ወንድሜን ጃናሞራ፣ መኪና የማይገባበት ትምህርት ቤት አዛወሩት። በበቅሎ ጭኖ ሲሄድ እስከ ተራራው አፋፍ፣ እስከ ቡይት ራስ ሸኘሁት። ነፋሱ ያገላብጠናል። ሊሰናበተኝ ዞር ሲል ከኋላችን የፈረስ ኮቴ ሰማንና ሁለታችንም ደንግጠን ተያየን። አንድ ገበሬ ነበር፤ "ደህና ዋላችሁ" ብሎ አለፈ። ወንድሜ ሊለኝ የነበረውን ሳይለኝ በቅሎዋን ነዳ። ያ ዝውውር በኋላ ከአፈሳው ሳያተርፈው አልቀረም፤ እዚያው አግብቶ፣ ወልዶ ቀረ።

መንግሥት ተለወጠ። ታጋዮቹ በደባርቅ ሲያልፉ እናትየዋ ከመንገድ ዳር ቆመው የእያንዳንዷን ሴት ፊት ያዩ ነበር። ከዚያ ውስጥ የለችም። አንዷ ግን "አውቃታለሁ፣ በሕይወት አለች" አለቻቸው፤ እሳቸውም ጓዛቸውን ይዘው ዳባት ተመለሱ። ልጅቷ ከዓመት በኋላ መጣች አሉ።

አንድ ጊዜ ብቻ አይቻታለሁ። እናቴን ልጠይቅ ዳባት ሄጄ ገበያ ወጣሁ። ከሲታ ሴት፣ ፀጉሯ የተቆረጠ፣ ሽንኩርት እየመረጠች ትከራከራለች። "ይሄ እኮ በስብሷል፤ ሌላ አምጭ" ትላለች። ድምጿ ሻካራ ነው፤ መንገድ ላይ ከሚሰማው ድምፅ የሚለይ ነገር የለውም። አጠገቤ ያለችው ነጋዴ በአገጯ አመለከተችኝና "ያቺ ዘፋኝ የነበረችው" አለችኝ።

 ሄጄ "ወንድሜ ባንቺ ምክንያት …" ልላት አስቤ ተውኩት። ምክንያቱስ እሷ አይደለችም። "ጉንፋን ይዞሽ እንኳ …" ልላት አሰብኩ። ጥቂት እርምጃ ተራመድኩና እንደዚያ ዘመን ግራ ቀኜን አየሁ፤ ማን እንደሚሰማን አየሁ። የሚሰማን የለም፤ ገበያው ሞቅ ብሎ ሁሉም የየራሱን ይጮሃል። እግሬ ግን አልሄድ አለኝ። ሽንኩርቷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ በአጠገቤ አልፋ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው መንገድ ሄደች።